አራት መኪና ሲፋጠጥ ማን ይለፍ? በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የቅድሚያ ሕግ ደረጃ በደረጃ

አዲስ አበባ ውስጥ ለዓመታት ሲነዳ የኖረ ሰው ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ መጥቶ መሪ ሲጨብጥ፣ የሃይዌዩን ስፋትና ፍጥነት ቶሎ ይለምደዋል። ግራ የሚያጋባው ሰፈር ውስጥ ያለው ጸጥተኛ መስቀለኛ መንገድ ነው። በአራቱም በኩል ቀይ የስቶፕ ምልክት ተተክሏል፤ መብራት የለም፣ ትራፊክ ፖሊስ የለም። አራት መኪና ቆሞ ይተያያል። አንዱ በእጁ "እለፍ" ይላል፣ ሌላው "አይ፣ አንተ ቅደም" ብሎ ይመልሳል፤ ከዚያ ሁለቱም እኩል ይነሣሉ።

በር ላይ "ይግቡ፣ ኧረ እርስዎ ይቅደሙ" እየተባባልን ያደግን ሰዎች ስለሆንን ያንን ይሉኝታ መኪና ውስጥም ይዘነው እንገባለን። በርግጥ መልካም ጠባይ ነው፤ መንገድ ላይ ግን ሰው ያስገጫል። የቅድሚያ ሕግ የሚሠራው እያንዳንዱ አሽከርካሪ ሌላው ምን እንደሚያደርግ አስቀድሞ መገመት ሲችል ብቻ ነው። ስለዚህ ተራዎ ሳይደርስ አይግቡ፤ ተራዎ ሲደርስ ደግሞ አያመንቱ።

ከዚህ በታች የተጻፈው ለፐርሚት ፈተና ለሚያጠኑም፣ ፈቃዱ ኖሯቸው ስቶፕ ላይ ሲደርሱ ለሚጨነቁም ይሆናል። በነገራችን ላይ ዲሲ ውስጥ የጽሑፍ ፈተናውን በአማርኛ መውሰድ ይቻላል። ሦስቱ አካባቢዎች በአብዛኛው ሕግ ይስማማሉ፤ የሚለያዩበት ሲመጣ እናነሣዋለን።

ደረጃ 1፦ ማን እያዘዘ እንደሆነ ይለዩ

ወደ መስቀለኛ መንገድ ሲጠጉ መጀመሪያ የሚፈልጉት ፖሊስ ነው። ፖሊስ በእጁ እያስተናገደ ከሆነ መብራቱ ምንም ይበል ምን የሚታዘዙት የፖሊሱን እጅ ነው። ፖሊስ ከሌለ መብራቱን፣ መብራት ከሌለ ምልክቱን ይከተሉ። ብልጭ ድርግም የሚል ቀይ መብራት ከስቶፕ ምልክት እኩል ነው፤ ብልጭ ድርግም የሚል ቢጫ ግን "ቀስ ብለህ፣ አይተህ እለፍ" ማለት ነው።

ሐምሌ ላይ ነጎድጓድና ዝናብ ሲመጣ መብራት ይጠፋል፤ የትራፊክ መብራቱም አብሮ ይጠፋል። በዚህ ጊዜ በሰፊው መንገድ ላይ ያሉ ብዙ አሽከርካሪዎች ዝም ብለው ያልፋሉ። ትልቅ ስሕተት ነው። የጠፋ የትራፊክ መብራት በአራቱም በኩል ስቶፕ እንዳለበት ስለሚቆጠር ሁሉም መቆም አለበት።

መብራትም ምልክትም በሌለበት የሰፈር መንገድ ሁለት መኪና እኩል ከደረሰ በግራ ያለው በቀኝ ያለውን ያሳልፋል። አንደኛው መንገድ እዚያው የሚያልቅ ከሆነ ደግሞ በሚያልቀው መንገድ ላይ ያለው ይጠብቃል። ከግቢ፣ ከነዳጅ ማደያ ወይም ከፓርኪንግ የሚወጣ ሰው ለሁሉም ቅድሚያ ይሰጣል፤ "ሁሉም" ሲባል በእግረኛ መንገዱ ላይ የሚሄደውንም ይጨምራል።

ደረጃ 2፦ ጨርሰው ይቁሙ

ስቶፕ ላይ መቆም ማለት ጎማው መዞሩን ፈጽሞ ሲያቆም ነው። ፍሬን ነካ አድርጎ መንሸራተት አይቆጠርም፤ ዲሲ ውስጥ ይህንኑ ፎቶ የሚያነሡ ካሜራዎች አሉ። የሚቆሙት ነጩ መስመር ላይ ከመድረስዎ በፊት ነው። መስመር ከሌለ ከዜብራው በፊት፣ ዜብራም ከሌለ ወደ መስቀለኛው ሳይገቡ።

የቆሙ መኪኖች ወይም ቁጥቋጦ ከጋረደዎት መጀመሪያ በሕጉ ቦታ ይቁሙ፤ ከዚያ ትንሽ ትንሽ ወደፊት ሳብ ብለው እንደገና ይመልከቱ። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን መቆም ዘሎ በቀጥታ ወደ ማየቱ ይሄዳል፤ እግረኛውን የሚገጨውም እዚያ ላይ ነው።

ደረጃ 3፦ ባለ አራት ስቶፕ ላይ ተራዎን ይያዙ

ተራው የሚጀምረው ገና ሳይቆሙ ነው። ወደ ስቶፑ ሲቃረቡ ከእርስዎ በፊት የቆመውን ይቁጠሩ፦ ከግራ ነጭ ቶዮታ፣ ከፊት ለፊት የዕቃ መኪና። እነዚህ ሁለቱ ከሄዱ በኋላ ተራው የእርስዎ ነው። ቀድሞ የቆመ ቀድሞ ይሄዳል፤ ዋናው ደንብ ይህ ብቻ ነው። ከነጩ ቶዮታ ጀርባ ተሰልፎ የነበረው መኪና ተራ የለውም፤ እሱም መስመሩ ላይ ደርሶ ሲቆም ነው የሚቆጠርለት። እርስዎም ከፊትዎ ያለው ሲሄድ ተከትለው አይውጡ።

ሁለት መኪና እኩል ከቆመ ቅድሚያው የቀኙ ነው። ጭንቅ ሲሆን ግራና ቀኝ ይጠፋብናልና እንዲህ ይያዙት፦ በጋቢናው ተሳፋሪ መስኮት በኩል የሚታይዎት መኪና ካለ እሱን ያሳልፉ።

እኩል የቆሙት ፊት ለፊት ከሆኑና ሁለቱም ቀጥታ የሚሄዱ ከሆነ አብረው ይለፉ፤ አይነካኩም። አንዱ ወደ ግራ የሚታጠፍ ከሆነ ቀጥታ የሚሄደውን ወይም ወደ ቀኝ የሚታጠፈውን ይጠብቃል። ፍሬቻ ካላሳዩ ግን ፊት ለፊትዎ ያለው ሰው ወዴት እንደሚሄዱ በምን ያውቃል? ፍሬቻው ከመቆምዎ በፊት ይብራ።

አራቱም እኩል ሲቆሙስ? ሁሉም በቀኙ መኪና አለውና ደንቡ መልስ አይሰጥም። አልፎ አልፎ ብቻ የሚያጋጥም ነው። ያን ጊዜ አንዱ ቀስ ብሎ ይነሣል፤ ሌሎቹ ይጠብቁታል፤ ከዚያ ተራው ይቀጥላል።

አሁን ወደ እጅ ምልክቱ እንመለስ፤ በግልጽ መናገር ስለምፈልግ ነው። እባክዎ ማንንም በእጅ አያሳልፉ። ጠዋትና ማታ ፀሐይ መስተዋቱ ላይ ስታበራ እጅዎ በደንብ አይታይም፤ ወይም ለአንዱ ያሳዩትን ሌላው ለራሱ ይወስደዋል። "እለፍ" ያሉት ሰው እርስዎን አምኖ ሲወጣ ከጎን የሚመጣውን ሁለታችሁም አላያችሁትም። አደጋ ቢደርስ ኢንሹራንሱ የሚጠይቀው ቅድሚያ መስጠት የነበረበት ማን እንደሆነ ነው፤ "በእጁ እለፍ ብሎኝ ነው" የሚለው መልስ ብዙም አይረዳም። እርስዎን በእጁ የሚያሳልፍ ሰው ካጋጠመዎት ደግሞ የራስዎን ዓይን ብቻ ይመኑ፤ በሁሉም አቅጣጫ ካላዩ አይንቀሳቀሱ።

ደረጃ 4፦ ወደ ግራ ሲታጠፉ

አረንጓዴ ቀስት ከበራ ከፊት የሚመጣው ቆሟል፤ ይታጠፉ። ክብ አረንጓዴ ወይም ብልጭ ድርግም የሚል ቢጫ ቀስት ከሆነ ግን መታጠፍ ይፈቀድልዎታል እንጂ ቅድሚያ የለዎትም፤ ከፊት የሚመጣውን መኪናና የሚታጠፉበትን መንገድ የሚያቋርጠውን እግረኛ ያሳልፋሉ።

እዚህም ደግነት አደጋ አለው። ከፊት የሚመጣው መንገድ ሁለት ሌይን ነው እንበል። ትራፊክ ተጨናንቆ በቅርብ ሌይን ያለው አሽከርካሪ ቆሞ "ታጠፍ" ይልዎታል። በሁለተኛው ሌይን የሚመጣውን ግን የእሱ መኪና ጋርዶታል። እሱ ለራሱ ሌይን እንጂ ለሌላው ቃል ሊገባልዎት አይችልም።

ደረጃ 5፦ ወደ ቀኝ ሲታጠፉና አደባባይ ሲገቡ

የሚከለክል ምልክት ከሌለ ቀይ ክብ መብራት ላይ ጨርሰው ቆመው፣ እግረኛውንና መኪናውን አሳልፈው ወደ ቀኝ መታጠፍ ይቻላል። ሁላችንም ከግራ የሚመጣውን መኪና ስናይ በቀኛችን የሚገባውን እግረኛ እንረሳለን፤ ስለዚህ የመጨረሻው እይታዎ ወደ ቀኝ ይሁን። ዲሲ ውስጥ የብስክሌት መስመርም ይታሰብ። 15ኛው ጎዳና ላይ ብስክሌቶች በአንድ በኩል ባለ መስመር በሁለቱም አቅጣጫ ይመጣሉና ያንን መስመር አቋርጠው ሲታጠፉ ስፖኪዮ ማየት ብቻ አይበቃም።

አደባባይ እንደ አገር ቤቱ ነው፤ ውስጥ ላለው፣ ማለትም ከግራ ለሚመጣው፣ ቅድሚያ ይሰጣሉ። እንደ ዱፖንት ሰርክል ያሉ የዲሲ ትልልቅ አደባባዮች ግን የራሳቸው የትራፊክ መብራት አላቸው፤ እዚያ የሚታዘዙት መብራቱን ነው።

ደረጃ 6፦ እግረኛውን ቀድመው ይፈልጉ

ብዙ ሰው ነጭ ቀለም ያልተቀባበት ቦታ የእግረኛ ማቋረጫ አይመስለውም። ሕጉ ግን በመስቀለኛ መንገድ ላይ የእግረኛው መንገድ ቀጥ ብሎ ቢቀጥል የሚያልፍበትን ቦታ፣ ቀለም ባይኖረውም፣ ማቋረጫ ይለዋል።

ሜሪላንድ ውስጥ እግረኛው በእርስዎ በኩል ባለው የመንገዱ ግማሽ ላይ ከሆነ ወይም ከአጠገብዎ ካለው ሌይን ወደ እርስዎ እየመጣ ከሆነ ይቆማሉ። ቨርጂኒያ ቀደም ሲል "ቅድሚያ ስጥ" ይል የነበረውን ሕግ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2020 ጀምሮ "ቁም" በሚል ቀይራለች። ፍጥነት መቀነስ ብቻውን አይበቃም።

በጣም ገዳይ የሆነው ሁኔታ ባለ ብዙ ሌይን መንገድ ላይ ይፈጠራል። በቀኝ ሌይን አንድ ቫን ዜብራው ጋ ይቆማል። በግራ ሌይን ያለው አሽከርካሪ "ምን ገተረው?" ብሎ ያልፈዋል። ቫኑ የቆመው ልጅ የያዘች እናት እያሻገረ ነው፤ ከቫኑ አፍንጫ ስትወጣ የሁለተኛው መኪና አሽከርካሪ ፍሬን ለመያዝ ጊዜ የለውም። ስለዚህ ማቋረጫ ላይ የቆመ መኪናን ማለፍ በሦስቱም ቦታ የተከለከለ ነው። ለምን እንደቆመ ባይገባዎትም አብረው ይቁሙ።

እንደ ጆርጂያ አቬኑ ባሉ ሰፋፊ መንገዶች ላይ ሃውክ የሚባል የእግረኛ መብራትም ያጋጥማል፤ ከላይ ሁለት ቀይ፣ ከታች አንድ ቢጫ አለው። እግረኛ ቁልፉን እስኪጫን ድረስ ጨለማ ነው፤ ይህኛው የተበላሸ መብራት ስላልሆነ ሲጠፋ አይቆሙለትም። ቢጫው ብልጭ ሲል ይዘጋጁ፤ ሁለቱ ቀይ ሲበሩ ይቁሙ፤ ቀዮቹ እየተፈራረቁ ብልጭ ሲሉ እግረኛው ካለፈ ቆመው አይተው መሄድ ይችላሉ።

ነጭ በትር የያዘ ወይም በውሻ የሚመራ ዓይነ ስውር ካዩ የትም ቦታ ይሁን ይቁሙ። ክላክስም አያድርጉ፤ እሱ መንገዱን የሚያነበው በጆሮው ነው።

ደረጃ 7፦ የተማሪ አውቶቡስና ሳይረን

የተማሪ አውቶቡስ ቀይ መብራቱን ብልጭ ሲያደርግ ከኋላውም ከፊት ለፊቱም ያለው ይቆማል። ከፊት ለፊት የሚመጣው ነፃ የሚሆነው መንገዱ መሀል ለመሀል በግንብ ወይም በሣር መለያ ሲከፈል ነው፤ የተቀባ መስመር ወይም የመሀል መታጠፊያ ሌይን መለያ አይባልም። አምቡላንስ ሲመጣ ወደ ቀኝ ጥግ ይዘው ይቁሙ። መስቀለኛው መሀል ላይ ከደረሰብዎት ግን መጀመሪያ ይሻገሩ፣ ከዚያ ይቁሙ።

ደረጃ 8፦ እርስዎ እግረኛ ሲሆኑ

ማቋረጫ ላይ ቅድሚያ አለዎት፤ ሆኖም መኪና ሊቆም በማይችልበት ርቀት ላይ ድንገት ዘለው መግባትን ሕጉ ይከለክላል። ከማቋረጫ ውጭ ሲሻገሩ ቅድሚያው የመኪናው ነው። ቨርጂኒያ እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 2021 ወዲህ ፖሊስ ሰውን በዚህ ብቻ እንዳያስቆም ከልክላለች፤ ግዴታው ግን አልተነሣም።

ይህን ማወቅ የገንዘብም ጉዳይ ነው። በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ሕግ የተጎዳው ሰው ራሱ ለአደጋው ትንሽ ጥፋት እንኳ ከተገኘበት ካሳውን በሙሉ ሊያጣ ይችላል። ዲሲ ይህን ለእግረኞችና ለብስክሌተኞች እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣ ሕግ አሻሽላለች፤ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ግን በዚያው ናቸው። ከማቋረጫው ጥቂት እርምጃ ወጣ ብሎ የተገጨ ሰው የሆስፒታል ዕዳውን ብቻውን ሊሸከም ይችላል ማለት ነው።

ከአገር ቤት የመጡ እናትና አባት ካሉዎት ይህን ደረጃ በቃል አይንገሯቸው፤ ቤታቸው አጠገብ ወዳለው ማቋረጫ ይዘዋቸው ይሂዱ። ምሰሶው ላይ ያለውን ቁልፍ ራሳቸው ይጫኑት፤ ብዙ ቦታ ቁልፉ ካልተጫነ የእግረኛው ምልክት አይመጣም። ነጩ ሰው ሲበራ ይጀመራል። ብርቱካንማው እጅ ብልጭ ድርግም ካለ ገና ያልጀመረ አይጀምርም፤ መሀል የደረሰ ግን ይጨርሳል፣ አይመለስም። ነጩ ሰው ቢበራም ከኋላ የሚታጠፍ መኪና ስለሚኖር ትከሻቸውን ዞር ብለው እንዲያዩ ያሳዩአቸው። የእግረኛ መንገድ በሌለበት በግራ ጠርዝ፣ መኪናው ከፊት እየታያቸው ይሂዱ። ገና ሳይነጋ ለቅዳሴ የሚወጡ ከሆነ ደግሞ ብርድ ሲመጣ ነጠላው በጥቁር ካፖርት ይሸፈናል፤ ነጠላውን ከካፖርቱ በላይ ያድርጉት። ከዚያ እርስዎ ማዶ ቆመው እነሱ ብቻቸውን አንድ ጊዜ ይሻገሩ፤ ብርቱካንማው እጅ መሀል ላይ ከያዛቸው ወደፊት መቀጠላቸውን ይመልከቱ።