የሰባት ቀን ማስታወሻሽን አንብቤ

ልጄ፣ ከሮቤ የላክሽልኝን ጽሑፍ የልጅ ልጄ በወረቀት አሳትማልኝ ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ከሰኞ እስከ እሑድ ያየሽውን፣ የሠራሽውንና ዜና አድርገሽ የላክሽውን ሁሉ መዝግበሻል። ብዙ ሰው «እጽፋለሁ» እያለ ዕድሜው ያልፋል፤ አንቺ ጽፈሻል፣ ተባረኪ። ትጋት አለሽ። ጥንቃቄ ግን ገና አልገባሽም። ስለዚህ የታየኝን በየተራው እነግርሻለሁ፤ ጎባ ቁጭ ብዬ ብዙ ጊዜ አለኝ፣ አንቺም ሳትቸኩይ አንብቢው።

1. ስለ ሰብል ልትጽፊ ስትይ ከመኪና ወርደሽ ማሳው ውስጥ ግቢ። ሰኞ ዕለት «ከሮቤ ጎባ ድረስ ግራና ቀኙ ሰብሉ አምሮበታል» ብለሻል። መንገዱ 14 ኪሎ ሜትር ነው፤ በሚኒባስ መስኮት ሲታይ ሁሉም ያምራል። እኔም በ2003 ጥቅምት ላይ እንዲሁ አድርጌአለሁ። ከአውቶቡስ ሆኜ ማሳው ቢጫ ሆኖ አየሁና «የሲናና ስንዴ ለአጨዳ እየደረሰ ነው» የሚል ዜና ላክሁ። በማግስቱ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ገበያ ላይ አገኙኝ። ምንም አልተናገሩኝም፤ ክንዴን ይዘው ማሳቸው ድረስ ወሰዱኝ። አንድ ቅጠል ቀጠፉና በነጩ ጋቢዬ ጫፍ ላይ ሁለቴ አሹት። ጋቢዬ እርድ የተነሰነሰበት መሰለ። ቢጫ ዋግ የሚባለው የስንዴ በሽታ ነበር። ኩብሳ የሚባለውን ስንዴ በዚያ ዓመት በባሌም፣ በአርሲም፣ ከዚያም አልፎ የፈጀው እሱ ነው። «ነሐሴ የተዘራ ስንዴ በጥቅምት ይደርሳል ብሎ ማን ነገረህ?» አሉኝ፤ ሌላ አልጨመሩም። ወራቱን በጣቴ ብቆጥር ኖሮ ከመኪናው ሳልወርድም በተጠራጠርሁ ነበር። ጋቢው ታጥቦ ጸዳ። ዜናው ግን ማኅደር ውስጥ እንዳለ አለ።

2. ደብተርሽን አትጣይ፣ በላዩም ላይ ቀን ጻፊበት። ኩብሳ ሲጠቃ ገበሬው ቢጫ ዋግን ይቋቋማል ወደተባለው ዲገሉ ዞረ። ሦስት ዓመት ቆይቶ በ2006 ደግሞ የግንድ ዋግ መጣና ዲገሉን እዚሁ ባሌ ላይ ጣለው። ዋግ በነፋስ የሚጓዝ፣ ጠባዩንም የሚለዋውጥ በሽታ ነው፤ ዛሬ የሚቋቋመው ስንዴ ነገ ሊሸነፍ ይችላል። በዚያን ጊዜ የ2003ን ደብተሬን ገለጥሁ። ማን መቼ እንደዘራ፣ መድኃኒት የረጨው ስንት ቀን ዘግይቶ እንደረጨ፣ የሲናና ምርምር ማእከል ባለሙያዎችን ምን እንደጠየቅኋቸው ሁሉም ተጽፎ ነበር። ሁለተኛው ዜናዬ ከመጀመሪያው የተሻለው ብልህ ስለሆንሁ አይደለም፤ የት ሄጄ ማንን እንደምጠይቅ ደብተሩ ስለነገረኝ ነው።

3. ሰው የነገረሽን መጀመሪያ በተናገረበት ቋንቋ ጻፊው፤ ትርጉሙ ከዚያ በኋላ ይምጣ። ማክሰኞ ዕለት አንድ ገበሬ በኦሮምኛ ያሉሽን ለስልክሽ ሰጥተሽ «ለገና በዓል የሚደርስ ስንዴ» ብለሽ አሳልፈሻል። ልጄ፣ ሰውየው ስለ ልደት በዓል አላወሩም! በእኛ አገር ገና ማለት ከመጋቢት እስከ ሐምሌ ያለው የእርሻ ወቅት ነው። ሌላው ቦና ይባላል፤ በነሐሴ ገደማ ተዘርቶ በታኅሣሥና በጥር የሚታጨደው። ባሌ በዓመት ሁለት ጊዜ የሚያመርት አገር ስለሆነ ሁለት ስም አለው። አዲስ አበባ ያለው አንባቢ «የገና ስንዴ» ሲል ካነበበ ዶሮ ወጥ ነው የሚታየው፤ ስለዚህ «በበልግ የሚዘራው፣ ባሌዎች ገና የሚሉት» ብለሽ ማብራራት ያንቺ ሥራ ነበር። የጎግል መተርጎሚያ አማርኛን የጀመረው በፈረንጆች 2016፣ ኦሮምኛን ደግሞ በ2022 ነው፤ ከሲናና ገበሬ ጋር አልዋለም። እሱ ባያውቅ አልፈርድበትም። አንቺ ግን ኦሮምኛውን ከእናትሽ ጡት ጋር የጠባሽው ነሽ፤ የምታውቂውን ለማያውቅ ሰጥተሽ ማስተርጎምሽ ነው የከነከነኝ።

4. «ተገለጸ» የሚለውን ቃል ቀንሺ። በሳምንቱ ጽሑፍሽ ውስጥ ቆጠርሁት፤ አሥራ አንድ ቦታ አለ። «ተጠቆመ» አራት፣ «ተመለከተ» ሦስት። ማን ገለጸ? እኔም ይህን ቃል ለዓመታት ተገልግዬበታለሁና ጥቅሙን አውቀዋለሁ፤ ተናጋሪውን ይሸሽጋል፣ ጸሐፊውንም ከመጠየቅ ያድናል። ሰው ሲናገር ስሙን፣ ቦታውንና የተናገረበትን ቀን ጻፊ። ስሙ ቢጻፍ የሚጎዳ ከሆነ ደግሞ ለምን እንደተውሽው ለአንባቢው ንገሪው።

5. አዲስ ነገር ሲመጣ ከማሽኑ ላይ ዐይንሽን አንሥተሽ ዙሪያውን ተመልከቺ። ረቡዕ ዕለት «ኮምባይነር የአርሶ አደሩን ድካም አቃለለ» ብለሽ በሁለት መስመር ጨረስሽው። ሐሰት አይደለም። ድሮ ስንዴ በማጭድ ታጭዶ፣ ተከምሮ፣ በበሬ ተወቅቶ፣ ነፋስ ተጠብቆ እስኪመረት ሳምንታት ያልፉ ነበር፤ በመሃል ዝናብ ከጣለ ክምሩ ላይ ይበቅላል። ዛሬ ያ ማሽን ጧት ገብቶ ከምሳ በፊት ጆንያውን ሞልቶ ይወጣል። ግን ማሳው ጥግ ላይ ቆመው የሚጠብቁት ሴቶች እነማን ናቸው? ቃራሚዎች ናቸው። ማሽኑ ያንጠባጠበውን ዛላ እየለቀሙ በነጠላቸው ጫፍ ይቋጥራሉ፤ አንዷን ጠይቂያት፣ በቀን ስንት ጣሳ እንደምታገኝ ትነግርሻለች። ገለባውስ? በበሬ ሲወቃ በአንድ ቦታ ተከምሮ የከብት ቀለብ ይሆን ነበር። ኮምባይነሩ በማሳው ሙሉ ይበትነዋል፤ ላም ያለው ሰው እንደገና ጉልበት ከፍሎ ያስሰበስባል። የማሽኑ ኪራይ የሚታሰበው በኩንታል ነው። እንግዲህ ደመና ሲያስፈራራና አገሩ ሁሉ ማሽኑን በአንድ ቀን ሲፈልገው ዋጋው የት ይደርሳል? ማሳው ትንሽ ወይም ተዳፋት የሆነበት ሰው ተራ የሚያገኘው መቼ ነው? በደቦ ሲያጭዱ የነበሩት ጎረምሶችስ ዛሬ የት ገቡ? ከእነዚህ አንዷን ጥያቄ እንኳ ተከትለሽ ብትሄጂ ሙሉ ዜና ነበረሽ። በቴሌብር ጉዳይም ያው ነው። በግንቦት 2013 ሲጀመር «ገንዘብ በእጅ መያዝ ቀረ» ብለው የጻፉ ነበሩ። እኔ ያየሁት ሌላ ነው፤ እህላቸውን የሸጡ አዛውንት፣ ገንዘቡ መግባቱን የሚያነብላቸው ልጅ ፍለጋ ስልካቸውን ከፍ አድርገው ይዘው ገበያውን ሲዞሩ።

6. ፎቶ ሲደርስሽ «መቼ? የት? ማን አነሣው?» ሳትዪ አታስተላልፊ። ሐሙስ ማታ በቴሌግራም ያገኘሽውን የጭስ ፎቶ «የባሌ ተራሮች ፓርክ እየተቃጠለ ነው» ብለሽ ላክሽ፤ በማግስቱ የቆየ ፎቶ መሆኑ ታወቀ። እሳት በእኛ አገር ቀላል ነገር አይደለም። በ1992 የባሌ ደን ሲነድ ሳምንታት ሙሉ አላባራም ነበር፤ ከባሕር ማዶ ሳይቀር አጥፊዎች መጥተዋል። ያንን ያየ ሰው ጭስ ሲባል ልቡ ይሸበራል። ደግሞ ጭስ ሁሉ አንድ አይደለም፤ ከብት ጠባቂዎች አዲስ ሣር እንዲበቅል ብለው የአስታ ቁጥቋጦ የሚለኩሱበት ልማድ አለ፤ ይህም ከእጅ ወጥቶ ሊዛመት ይችላል። ልዩነቱን የሚያውቁት ዲንሾ ያሉት የፓርኩ ሰዎችና የአካባቢው ነዋሪዎች ናቸው። አንድ ጊዜ ደውለሽ ብትጠይቂ አሥር ደቂቃ አይፈጅብሽም ነበር።

7. ስልክሽ 3:00 ሲል በእኛ 9 ሰዓት ነው። ዓርብ ዕለት ሰዎቹን «ጧት 3 ሰዓት» ብለሽ ጠርተሽ፣ አንቺ ከሰዓት በኋላ ደረስሽ። ዓመተ ምሕረቱንም እንዲሁ አትቀላቅዪ።

8. ማሽን እንዲጽፍልሽ ካደረግሽ እንኳ አንቺ ቀድመሽ ጻፊ። ስለ ባሌ ተራሮች በቻት ጂፒቲ ያጻፍሽውን ከራስሽ ጽሑፍ ለየሁት፤ አንድም ሰው የለበትም። ቁጥሩ ልክ ነው፤ ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ነው፣ ፓርኩም በመስከረም 2016 የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። ግን «ዐይን የማይጠግበው ውበት» የሚለው ስለ ማንም ተራራ ይባላል። አንቺ ባለፈው ዓመት ሳነቴ ወጥተሽ መጥተሽ የነገርሽኝ ሌላ ነበር። ቀይ ቀበሮዋ ከፍልፈሉ ጉድጓድ ፊት ለፊት ጆሮዋን ቀስራ ስትጠብቅ፣ ብርዱ ጣትሽን አድርቆት የስልክሽን የካሜራ ቁልፍ መንካት አቅቶሽ፣ «ፎቶ ሳላነሣ ዝም ብዬ አየኋት» ያልሽኝ። እሱን ለምን አልጻፍሽውም?

9. ስልኩ ብቻውን ማኅደር አይሁንሽ። በሰኔ 2012 መጨረሻ፣ ድምፃዊው ሃጫሉ ሁንዴሳ በተገደለ ማግስት፣ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተዘግቶ ሳምንታት ቆየ። ከባድ ጊዜ ነበር፤ አገራችንም ላይ ብዙ እናቶች አልቅሰዋል። ከሮቤ ጎባ በሚመላለስ ሰው አፍ የሚመጣው ወሬ በየሰዓቱ ያድግ ነበር፤ ጧት አንድ ቤት የነበረው ማታ መንደር ይሆናል። እኔ ጡረታ ወጥቼ ነበር፤ ግን ልማድ ሆኖብኝ የሰማሁትን በአንድ ገጽ፣ በዐይኔ ያየሁትን በሌላ ገጽ እጽፍ ነበር። የሰማሁበት ገጽ ሞላ። ያየሁበት ስድስት መስመር ነው። ዛሬም ስለዚያ ሳምንት የሚጠይቀኝ ሰው ሲመጣ የማነብለት እነዚያን ስድስት መስመሮች ነው።

10. ስለ እሱ ከምትጽፊው ሰው አበል አትቀበዪ፤ ምሳም ቢሆን። ይህን አላብራራም።

እሑድ ዕለት የጻፍሽው አጭር ቢሆንም ከሁሉ በለጠብኝ። «እናቴ ጭኮ ስታዘጋጅ አጠገቧ ተቀምጬ ስልኬን አጠፋሁ፤ የገብሱ ቆሎ ሲፈጭ ምን እንደሚሸት ረስቼው ነበር» ብለሻል። እሱን ማንም አላዘዘሽም፤ ቀስ ብለሽ ስለጻፍሽው ሽታው እኔ ጋ ደርሷል። እናትሽን ሰላም በዪልኝ።

ቅዳሜ ጧት ከቤት አልወጣም። ስትመጪ ደብተርሽን ያዢ። ማክሰኞ ያነጋገርሻቸውን ገበሬ ግን በዚህ ሳምንት ተመልሰሽ አግኚያቸው፤ በኦሮምኛ ያሉሽን እንደገና አስደግመሽ ስሚ፣ ስንዴያቸው የትኛው ዓይነት እንደሆነ ጠይቂ፣ ቅጠሉንም በእጅሽ ዳስሺው።