ወደ ባሕር ዳር በፕሮፔለር ለምን?

ጥያቄ፦ ወደ ባሕር ዳር የሚበረው አውሮፕላን ብዙ ጊዜ ባለ ፕሮፔለር ነው። አርጅቶ ይሆን?

መልስ፦ አይደለም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ለአገር ውስጥ በረራ የሚጠቀምበት ካናዳ ሠራሹ ኪው 400 በአየር መንገዱ ሥራ የጀመረው በ2010 እ.ኤ.አ. ነው። ሞተሩም ልክ እንደ ጄቱ ተርባይን ነው፤ ኃይሉ ግን ፕሮፔለሩን ያሽከረክራል።

ጄት ነዳጅ የሚቆጥበው 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ወጥቶ ረጅም ርቀት ሲበር ነው። አዲስ አበባና ባሕር ዳር ግን በአየር የሚራራቁት 330 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ጄቱ ገና ከፍታውን ሳይጠቀምበት መውረድ ይጀምራል። ባለ ፕሮፔለሩ ዝቅ ብሎ፣ በሰዓት ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ እየበረረ በጥቂት ነዳጅ ያደርሳል። ለአጭር መንገድ ትክክለኛው ምርጫ እርሱ ነው።

ክንፉ ከመስኮቶቹ በላይ ስለሆነ ቁልቁል ለማየት አይከልልም። ሰማዩ ከጠራ የዓባይን ሸለቆ እንዳያመልጥዎ የመስኮት ወንበር ይጠይቁ።