የቁስቋም ጽዋና የጎንደር አንጥረኞች

በዚህ እትም የምንመለከተው በወርቅና በብር ላይ ሥዕል የሚያወጣውን የአንጥረኛውን ሙያ ነው። በፈረንሳይ አገር በሊሞዥ ከተማ የሚኖሩ ጌጥ ሠሪዎች የተፈጨ ባለ ቀለም ብርጭቆ በመዳብ ላይ አድርገው በእሳት በማቅለጥ ይሥላሉ፤ ይህም ኤናሜል ይባላል። የጎንደር አንጥረኛ ግን ይበልጥ የሚተማመነው በመዶሻው ነው። ስሱን ወርቅ ከጀርባው እየመታ ምስሉን ወደ ፊት ያወጣል፤ በሹል ብረት ይቀርጻል፤ እንደ ፈትል የቀጠነ ሽቦም ጠምዝዞ ይለጥፋል።

በዳግማዊ ኢያሱና በእናታቸው በእቴጌ ምንትዋብ ዘመን፣ በዮሐንስ ራእይ ከምናውቃት ከሰምርኔስ የሸሹ ግሪካውያን ብር ሠሪዎች በካይሮ በኩል ወደ ጎንደር መጡ። ይህን የጻፈልን እ.ኤ.አ. በ1770 ከተማይቱን ያያት ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ ነው። ቁጥራቸውን 12 ያደርሰዋል፤ በቀጭን ሽቦ ሥራም እጅግ ያመሰግናቸዋል። የንጉሡን አዳራሽ ሲያስጌጡ ሙያውን ያስተማሯቸው የአገሩ ልጆች አብረዋቸው ሠርተዋል፤ ጣሪያውን በቀለም ባጌጠ ሸምበቆ የሠሩት ደግሞ ቤተ እስራኤላውያን ነበሩ።

ለቁስቋም ማርያም የተሰጡት የወርቅ አክሊልና የወርቅ ጽዋ የዚያ ዘመን ሥራዎች ናቸው። በአክሊሉ ላይ ወንጌላውያንና ሐዋርያት ጎልተው ይታያሉ። በጽዋው ላይ የንጉሡና የእናታቸው ስም በግዕዝ ተቀርጿል። እ.ኤ.አ. በ1868 የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝ ሁለቱም ተዘርፈው ወደ ለንደን ተወሰዱ፤ በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ተቀመጡ። ሙዚየሙ እ.ኤ.አ. በ2018 ለረጅም ጊዜ በውሰት ሊሰጥ እንደሚችል ገልጾ ነበር። የራስን ዕቃ መዋስ ግን እንግዳ ነገር ነው፤ ኢትዮጵያ የጠየቀችው መመለሱን ነው።

እኛም በበኩላችን የምንጠየቅበት ነገር አለ። በደጋው አገር የእጅ ባለሙያ፣ በተለይም ብረት ቀጥቃጩ፣ «ጠይብ» እየተባለ ሲናቅ፣ «ቡዳ» እየተባለም ሲፈራ ኖሯል። መስቀሉን የሚሳለመው ሰው የሠሪውን ማዕድ ይሸሽ ነበር። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 31 ግን እግዚአብሔር ባስልኤልን በስሙ እንደ ጠራው፣ በወርቅ፣ በብርና በናስ ይሠራ ዘንድም በመንፈሱ እንደ ሞላው እናነባለን። ከነቢያትና ከነገሥታት አስቀድሞ ይህ የተነገረው ለአንድ አንጥረኛ ነው!

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ይህን ምዕራፍ ሲያስተምሩ፣ በቆሞሱ ፈቃድ ልጆቹን ወደ ዕቃ ቤት ቢያስገቡ መልካም ነው። የመስቀሉን ቅርጽ ይመልከቱ፤ መዶሻው ያረፈበትን በጣታቸው ይዳስሱ፤ ማን እንደ ሠራውም ሽማግሌዎችን ይጠይቁ። የሰጪው ስም ብዙ ጊዜ ተጽፎ ይገኛል።