ቀልብን መሰብሰብ የሚያስተምሩ ካምፖችና ከጀርባቸው ያሉ ሰዎች

የክረምት ዕረፍት ሲመጣ አንዳንዶቻችሁ የማጠናከሪያ ትምህርት ትገባላችሁ፣ አንዳንዶቻችሁ ገጠር ዘመድ ጋ ትሄዳላችሁ፣ የቀራችሁት ደግሞ ቤተሰብ ታግዛላችሁ። በሌላው ዓለም ብዙ ልጆች የዕረፍት ጊዜያቸውን ካምፕ ውስጥ ነው የሚያሳልፉት። ኳስ ይጫወታሉ፣ ይዋኛሉ፣ ድራማ ይሠራሉ። ከጥቂት አሥርት ዓመታት ወዲህ ግን ለየት ያለ ነገር የሚያስተምሩ ካምፖችና የዕረፍት ጊዜ ፕሮግራሞች እየበዙ መጥተዋል። የሚያስተምሩትም ቀልብን መሰብሰብ ነው።

በዚህ ጽሑፍ ስለ ካምፖቹ ብቻ ሳይሆን ከጀርባቸው ስላሉ ሰዎችም እንነጋገራለን። ለምን መሰላችሁ? አንድ ልጅ ከቤቱ ወጥቶ ለቀናት ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር ሲያድር፣ በተለይም ኤች አይ ቪ በደሙ ውስጥ ያለ ልጅ ከሆነ፣ ወላጅ መጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባው «እነዚህ ሰዎች እነማን ናቸው?» ብሎ ነው። መልካም ንባብ!

ቀልብን መሰብሰብ ምን ማለት ነው?

«ቀልቤ የለም» እንላለን አይደል? ደብተሩ ፊታችን ተዘርግቷል፣ ዓይናችንም መስመሩ ላይ ነው፤ ሐሳባችን ግን ትናንት ከጓደኛችን ጋር የተጣላንበት ቦታ ቆሟል። በእንግሊዝኛው ማይንድፉልነስ የሚባለው ልምምድ ይህንን የሸሸ ቀልብ ወደ አሁን መመለስ ነው። ትንፋሽን፣ የሰውነትን ስሜትና የሚመጣ የሚሄደውን ሐሳብ «ጥሩ ነው፣ መጥፎ ነው» ብሎ ሳይፈርዱ ልብ ማለት ማለት ነው።

የልምምዱ ሥር በጥንቱ የቡድሃ እምነት ውስጥ ይገኛል። ወደ ሕክምናው ዓለም በሰፊው ያስገቡት ደግሞ አሜሪካዊው ጆን ካባት ዚን ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1979 በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት የማይለቅ ሕመም ላለባቸው ሰዎች ሥልጠና ጀመሩ። ዛሬ በሆስፒታሎችና በትምህርት ቤቶች የሚሰጠው ሥልጠና ከሃይማኖት ጋር አይያያዝም፤ የማንንም እምነትና ጸሎት አይተካም።

ለወጣት ጥቅሙ ምንድን ነው? በስሜትና በድርጊት መካከል ትንሽ ክፍተት ይፈጥራል። የልደት ግብዣ ላይ «አንድ ብርጭቆ ብቻ! ምን ትሆናለህ?» ሲባል፣ ወይም «ከወደድሽኝ እሺ ትይኛለሽ» የሚል ልጅ ሲያጣድፍ፣ ያቺ ትንሽ ክፍተት ብዙ ነገር ታድናለች። ሌላም ምሳሌ እንውሰድ። አንዲት ልጅ መድኃኒቷን የምትወስደው ምሽት 2 ሰዓት ላይ ነው። ልክ በሰዓቱ እንግዶች መጡ። ልቧ ይመታል፣ «ቢያዩኝስ?» ትላለች፤ ፍርሃቱ ከበረታባት መድኃኒቱን ትተወዋለች። ፍርሃቱን አይታ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ተንፍሳ፣ ጓዳ ገብታ ብትውጠው ግን ያ ቀን አልጎደለባትም።

እነማን ናቸው?

መነኩሴውና መነኩሲቷ፦ ቲክ ናት ሃን በአገራቸው ጦርነት ጊዜ ስለ ሰላም በመናገራቸው ለረጅም ዓመታት በስደት የኖሩ ቬትናማዊ መነኩሴ ነበሩ። አብራቸው የሠሩት ሲስተር ቻን ኮንግ ደግሞ ከመመንኮሳቸው በፊት በሳይጎን ከተማ የድሆች መንደሮች ውስጥ ያገለግሉ ነበር፤ የእኛን የማኅበራዊ ሠራተኞችን ሥራ ማለት ነው። ሁለቱ እ.ኤ.አ. በ1982 በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ ፕለም ቪሌጅ የሚባል ማዕከል መሠረቱ። በየበጋቸው ቤተሰቦች ልጆቻቸውን ይዘው ይመጣሉ። ደወል ሲደወል ሁሉም ሰው ካለበት ቆሞ ይተነፍሳል። ልጆች አራት ጠጠር በትንሽ ከረጢት ይዘው ይቀመጣሉ። አንደኛው ጠጠር አበባ ነው፣ ሁለተኛው ተራራ፣ ሦስተኛው የረጋ ውኃ፣ አራተኛው ሰፊ ሰማይ። እያንዳንዱን በእጃቸው ይዘው «እንደ ተራራ ጽኑ ነኝ» እያሉ ይተነፍሳሉ። ቲክ ናት ሃን እ.ኤ.አ. በጥር 2022 አርፈዋል፤ ልምምዱ ግን ቀጥሏል።

ወንድማማቾቹ፦ አሊ ስሚዝና አትማን ስሚዝ ባልቲሞር በምትባል የአሜሪካ ከተማ፣ ድህነትና የዕፅ ንግድ በበዛበት ሰፈር ያደጉ ወንድማማቾች ናቸው። ከዩኒቨርሲቲ ጓደኛቸው ከአንድሬስ ጎንዛሌዝ ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ2001 ሆሊስቲክ ላይፍ ፋውንዴሽን የሚባል ድርጅት አቋቋሙ። የጀመሩት በአንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ ከትምህርት ሰዓት በኋላ፣ በጥቂት አስቸጋሪ በተባሉ ወንዶች ልጆች ነው። ሥራው ሲሰፋ በአንድ ትምህርት ቤት ያጠፋ ተማሪ የሚቀጣበት ክፍል ቀርቶ፣ ተቀምጦ የሚረጋጋበትና ስለሆነው ነገር የሚነጋገርበት ክፍል ተከፈተ። ከመጀመሪያዎቹ ልጆች አንዳንዶቹ አድገው የዚያው ድርጅት አስተማሪዎች ሆነዋል።

ተዋናዩ፦ ፖል ኒውማን በዓለም የታወቁ የፊልም ተዋናይ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1988 በኮነቲከት ግዛት በካንሰርና በደም በሽታ ለታመሙ ልጆች ካምፕ ከፈቱ። ቤተሰብ ምንም አይከፍልም። ይህ ካምፕ የተከፈተው ለጨዋታ እንጂ ቀልብ ለመሰብሰብ አልነበረም። ነገር ግን የታመመ ልጅ ሐኪሞችና ነርሶች አጠገቡ ሆነው ያለ ሥጋት ልጅ መሆን እንደሚችል ያሳየ ሥራ ነው። ዛሬ የእሱን ፈለግ የሚከተሉ ካምፖችና ፕሮግራሞች በብዙ አገሮች አሉ።

ሐኪሟና የአዲስ አበባ ወጣቶች፦ ጄን አሮንሰን የተባሉ አሜሪካዊት የሕፃናት ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1997 ወርልድዋይድ ኦርፋንስ የተባለ ድርጅት መሠረቱ። ድርጅቱ በአገራችንም ሠርቷል። ፖል ኒውማን ካቋቋሙት የካምፖች ማኅበር ጋር በመተባበርም ኤች አይ ቪ በደማቸው ውስጥ ለሚገኝ ልጆች «ካምፕ አዲስ» የተባለ ካምፕ ያዘጋጅ ነበር። ከልጆቹ ጋር የሚውሉት ሠልጥነው የገቡ ኢትዮጵያውያን ወጣቶች ነበሩ።

እዚህ ላይ አንድ የሶሲዮሎጂ ትምህርት ላካፍላችሁ። ኧርቪንግ ጎፍማን የተባሉት ሶሲዮሎጂስት እ.ኤ.አ. በ1963 ስለ መገለል በጻፉት መጽሐፍ፣ ሊያገልለው የሚችል ምሥጢር ያለው ሰው ጉልበቱን የሚጨርሰው «ለማን ልንገር? ለማን ልደብቅ? መቼ?» እያለ ወሬውን በመጠበቅ እንደሆነ ያስረዳሉ። ካምፕ ውስጥ ሁሉም ልጅ ያንኑ መድኃኒት በዚያው ሰዓት ሲውጥ ይህ ጥበቃ ለጥቂት ቀን ይቀራል። ያን ጊዜ ቀልብ ለመሰብሰብ ቦታ ይገኛል። ሲደበቅ የሚውል ልጅ «ዓይንህን ጨፍነህ ተረጋጋ» ቢባል እንዴት ይረጋጋል?

ምን ያመሳስላቸዋል?

ሀ) የሚያስተምሩትን ራሳቸው ይኖሩታል። የባልቲሞር ወንድማማቾች ልምምዱን ከቤተሰባቸው ይዘውት ያደጉ ናቸው። የሚጮህ ሰው ጸጥታን አያስተምርም።

ለ) ልጆቹን ለነገ አስተማሪነት ያዘጋጃሉ። ትናንት የተረዳው ዛሬ ይረዳል።

ሐ) ስማቸው የማይነሳ ሰዎች ሥራውን ይሸከማሉ። መድኃኒቱን በሰዓቱ የምትሰጥ ነርስ፣ ምግብ የምታበስል እናት፣ ሌሊት የማይተኛ ጥበቃ፣ ሾፌሩ። ፎቶግራፍ ላይ አይታዩም፤ ያለ እነሱ ግን ካምፕ የለም።

ውጤት አለው ወይ?

ጥያቄው ተገቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ኤች አይ ቪ በደማቸው ውስጥ ያለ፣ ዕድሜያቸው ከ14 እስከ 22 የሆነ 72 ወጣቶችን በሁለት ከፍሎ ተከታትሏል። ቀልብ የመሰብሰብ ሥልጠና የወሰዱት የጤና ትምህርት ብቻ ከወሰዱት ይልቅ በሕይወታቸው ረክተው ተገኝተዋል፣ በደማቸው ያለውን የቫይረስ መጠን ዝቅ አድርጎ በመያዝም የተሻሉ ሆነዋል። ደስ የሚል ውጤት ነው፤ ግን 72 ሰው ትንሽ ቁጥር ነው።

በሌላ በኩል በእንግሊዝ አገር ከ80 በላይ በሚሆኑ ትምህርት ቤቶች ከ8,000 በላይ ተማሪዎችን ያካተተ ትልቅ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2022 ውጤቱን አሳወቀ። ሥልጠናው ለሁሉም ተማሪ በክፍል ውስጥ ሲሰጥ ከተለመደው ትምህርት የበለጠ ለውጥ አላመጣም። አብዛኞቹ ተማሪዎችም ከክፍል ውጭ ልምምዱን እምብዛም አልሞከሩትም።

እንግዲህ ከሁለቱ ምን እንማራለን? ልምምዱ እንደ ክትባት ለሁሉም ተወግቶ የሚያልቅ ነገር አይደለም። ማን ሰጠው፣ ለማን ሰጠው፣ ከዚያ በኋላስ ማን ተከታተለው የሚለው ሊታይ ይገባል። አንድ ነገር ግን በደንብ ይሰመርበት፦ ቀልብ መሰብሰብ መድኃኒትን አይተካም። መድኃኒቱን ሳያቋርጥ የሚወስድና ቫይረሱ በምርመራ የማይገኝበት ደረጃ ላይ የደረሰ፣ በዚያም የጸና ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ቫይረሱን ለሌላ አያስተላልፍም። ይህንን የሚያደርገው መድኃኒቱ ነው። ልምምዱ የሚያግዘው መድኃኒቱን ለመውሰድ የሚያስፈልገውን ብርታት ነው።

ሐሮ ወንጪ ላይ ቢሆንስ?

ወደ አካባቢያችን እንመለስ። ከአምቦ ወደ ደቡብ፣ በአምቦና በወሊሶ መካከል የምትገኘውን ወንጪን የማያውቅ ማን አለ? «ሐሮ» በአፋን ኦሮሞ ሐይቅ ማለት ነው። የጠፋ እሳተ ገሞራ የተወው ጎድጓዳ ቦታ ውኃ ሞልቶት፣ ዙሪያውን ተራራ ከቦት፣ መሐሉ ደሴት፣ ደሴቱ ላይ ቤተ ክርስቲያን አለ። የተራራው ጫፍ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,300 ሜትር ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ2021 የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዷ አድርጎ መርጧታል። እነዚያ የፈረንሳይ ልጆች በጠጠር የሚያስቧቸው አበባ፣ ተራራ፣ የረጋ ውኃና ሰፊ ሰማይ እዚህ በዓይን የሚታዩ ናቸው።

ቦታው አለ ማለት ግን ካምፕ አለ ማለት አይደለም። መጀመሪያ ነገር የእኛ ክረምት ዝናብና ጭቃ ነው፤ ወንጪ ደግሞ ብርዷ አይጣል። በሐምሌ ልጅ በድንኳን የሚያሳድር ሰው የሳንባ ምች እየጠራ ነው። የአንድ ቀን ጉብኝት በበጋ፣ በክረምት ደግሞ በአምቦ፣ በጉደር ወይም በጊንጪ ከተማ በሞቀ አዳራሽ ሦስት አራት ቀን ይሻላል።

ሁለተኛውና ትልቁ ነገር ሰው ነው። ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በአገራችን በነጻ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። ያኔ ሕፃናት ሆነው መድኃኒት የጀመሩ ልጆች ዛሬ ሃያዎቹ ዕድሜ ውስጥ ናቸው። መድኃኒት ደብቆ መዋጥን፣ «ለምን እኔ?» ማለትን፣ ጸንቶ መቆየትንም ከእነሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ፈቃደኛ የሆኑት ቢሠለጥኑ ለታናናሾቻቸው ጥሩ የካምፕ ታላላቆች ይሆናሉ። የጤና ጣቢያ ነርስ፣ የልጆቹን ቋንቋ የሚናገር መምህር፣ መንገዱን የሚያውቅ የወንጪ ባለ ፈረስ ቢጨመሩበት ሥራው ግማሽ ሆነ ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ ጥንቃቄው ይመጣል። ማንኛውም ካምፕ ልጅ ከመውሰዱ በፊት የሚከተሉት ጥያቄዎች ሊመለሱ ይገባል።

1. ወላጅ ወይም አሳዳጊ ሁሉን ነገር ተረድቶ ፈቅዷል ወይ? ልጁስ ራሱ ፈልጓል ወይ?
2. አንድ አዋቂ ከአንድ ልጅ ጋር ብቻውን ተነጥሎ እንዳይሆን የሚከለክል ደንብ አለ ወይ? ልጁ ቅር ያለውን የሚነግረው ሰውስ ተለይቶ ይታወቃል ወይ?
3. መድኃኒቱን ማን ይይዛል? በስንት ሰዓት ይሰጣል? የጤና ባለሙያ አብሮ ያድራል ወይ?
4. የልጆቹ ምሥጢር እንዴት ይጠበቃል? «ቫይረሱ ያለባቸው ልጆች ካምፕ» የሚል ባነር አውቶቡሱ ላይ የሰቀለ ደግ ሰው፣ ልጆቹ ዕድሜ ልክ የደበቁትን በአንድ ጠዋት ለከተማው ሁሉ ነገረ ማለት ነው። ፎቶግራፍም እንዲሁ ነው።

እናንተስ ምን ልታደርጉ ትችላላችሁ?

ካምፕ እስኪመጣ መጠበቅ አያስፈልግም። የፀረ ኤድስ ክበባችሁ ስብሰባ ሲጀመር ሦስት ደቂቃ ይህንን ሞክሩ። ወገባችሁን ቀጥ አድርጋችሁ ተቀመጡ። ዓይን መጨፈን የማይመቸው መሬት መሬት ይይ። ትንፋሻችሁ ሲገባና ሲወጣ ልብ በሉ፤ እስከ አሥር ቁጠሩ። ሐሳባችሁ ሲሸሽ አትበሳጩ፣ ወደ ትንፋሻችሁ መልሱት። መሳቅ የመጣበት ይሳቅና ይመለስ። ዝም ሲል የሚከብደው፣ መጥፎ ትዝታ የሚመጣበት ልጅ ካለ አታስገድዱት፤ ለሚያምነው መምህር ወይም ለጤና ጣቢያ የምክር ባለሙያ እንዲናገር አግዙት።

ደግሞም ይህንን አትርሱ። አጠገባችሁ የተቀመጠው ልጅ መድኃኒት የሚውጥ ሊሆን ይችላል። እሱ እንዲነግራችሁ አትጠይቁት። ቢነግራችሁ ግን ምሥጢሩ በእናንተ ዘንድ የሚያድርበት ሰው ሁኑ። ከካምፕ ጀርባ ያሉ ሰዎች ሥራቸውን የሚጀምሩት ከዚህ ነው፤ ለዚህም ድንኳንም በጀትም አያስፈልግም።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በቅርቡ በችኮላ የወሰናችሁትን ውሳኔ አስታውሱ። ሦስት ጊዜ ለመተንፈስ የሚሆን ጊዜ ቢኖራችሁ ውሳኔው ይለወጥ ነበር?
2. በትምህርት ቤታችሁ ያጠፋ ተማሪ ምን ይደረጋል? የባልቲሞሩ ክፍል ዓይነት ነገር ቢሞከር ምን ይጠቅማል? ምንስ ያስቸግራል?
3. በአካባቢያችሁ ለልጆች ካምፕ ቢዘጋጅ እነማን እንዲኖሩበት ትመርጣላችሁ? ለምን?

በክበባችሁ ተወያዩበት፣ የደረሳችሁበትንም በሚኒ ሚዲያችሁ አሰሙ። መልካም የዕረፍት ጊዜ!