ስለ ኅሊና ጠጠር

እንግሊዞች ኃጢአት በሌለበት ኃጢአትን የሚፈራውን፥ ከመጠን ያለፈውን የኅሊና ጥንቃቄ «ስክሩፑሎሲቲ» ይሉታል። የቃሉ ሥር የላቲኑ «ስክሩፑሉስ» ሲሆን፥ ትርጓሜው ትንሽ ስለታም ጠጠር ማለት ነው። በጫማ ውስጥ የገባች ጠጠር መንገደኛውን ከፊቱ ካለው ተራራ ይልቅ ታስቸግረዋለችና፥ የሮማው ተናጋሪ ሲሴሮ ቃሉን ልብን ለሚወጋ ጭንቀት ተናግሮበታል። ይኸው ቃል የሮማውያን ወቄት 24ኛ ክፍል ስምም ነበረ።

ዛሬም ቀኖናውን ፈጽሞ ሳለ ያንኑ ኃጢአት ደጋግሞ የሚናዘዝ፥ ከቅዱስ ቍርባንም የሚሸሽ ምእመን አለ። ይህን ትሕትና ነው የሚሉ አሉ፤ እኛ ግን አንቀበለውም፤ «እግዚአብሔር ይፍታህ» የተባለውን አለማመን ነውና።

የኢየሱሳውያን ማኅበር መሥራች ኢግናጥዮስ ዘሎዮላ፥ በሃይማኖት ከእኛ ቢለይም፥ በዚህ ነገር ምስክር ይሆነናል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1522 ዓ.ም. በእስጳንያ አገር በማንሬሳ ሳለ በዚህ ደዌ እጅግ ተጨነቀ። አንድ ሳምንት ሙሉ እህል ሳይቀምስ ጾመ፤ የንስሐ አባቱ ብላ ብሎ ቢያዝዘው ታዝዞ በላ። ከጥቂት ቀን በኋላ ጭንቀቱ ቢመለስበት፥ የተናዘዘውን ያለፈ ኃጢአት ዳግመኛ ላለመናዘዝ ቈረጠ፤ ከዚያም ቀን ጀምሮ ዐረፈ።