በታዳጊ ወጣቶች የሚታይ የጉልበት ሎሚ አለመርጋት በራጅ ሲመዘን፦ ከሲሬ እስከ አሰላ ላለው የሕክምና መንገድ የሚጠቅሙ ነጥቦች

መግቢያ

በአርሲ ዞን በሲሬ ወረዳ የምትኖር አንዲት የ13 ዓመት ተማሪ ለአብነት ትወሰድ። ስትሮጥ በድንገት ስትዞር የጉልበቷ ሎሚ ወደ ውጭ ይወጣል፤ እግሯ ሲዘረጋ ደግሞ በራሱ ይመለሳል። ቤተሰቧ በቅድሚያ የሚያስበው ወጌሻን ነው። ከቀናት በኋላ ጤና ተቋም ስትደርስ ሎሚው በቦታው ስለሚገኝ፣ ለመርማሪው የሚታየው እብጠትና ጉልበቱ ሲነካ የሚፈጠረው ፍርሃት ብቻ ይሆናል። በዚህ ጊዜ ሁለት ጥያቄዎች መልስ ይሻሉ፦ አጥንት ተሰብሯል ወይ? ሎሚው ዳግም የመውለቅ ዕድሉስ ምን ያህል ነው?

ችግሩ በዋናነት የዚህ ዕድሜ ችግር ነው። ፊቲያንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2004 በአሜሪካ ባሳተሙት ጥናት፣ ከ10 እስከ 17 ዓመት ባሉ ታዳጊዎች የመጀመሪያ ውልቃት በዓመት ከ100,000 ሰዎች በ29ኙ ላይ እንደሚደርስ ገልጸዋል። ሯጭ መሆን የብዙ ልጆች ሕልም በሆነበት በአርሲ ደጋ፣ ደጋግሞ የሚወልቅ ጉልበት የሚያሳጣው የጨዋታ ሰዓትን ብቻ አይደለም። ኤም አር አይና ሲቲ ስካን በሁሉም ቦታ አይገኙም፤ በተገኙበትም ዋጋቸው ይከብዳል። ስለዚህ ተራ ራጅ ምን ሊነግር እንደሚችልና ምን እንደማይነግር ለይቶ ማወቅ ተገቢ ነው።

የራጁ አነሣሥ

ከሁሉም በላይ የሚጠቅመው የጎን ራጅ ነው። ጉልበቱ 30 ዲግሪ ያህል ታጥፎ ሲነሣ፣ የጭን አጥንት የታችኛው ጫፍ ሁለት ጉብታዎች ከኋላ በኩል አንዱ በሌላው ላይ ተደርበው እንደ አንድ መታየት አለባቸው። እግሩ ጥቂት ዲግሪ እንኳ ቢዞር፣ ጤናማው ቦይ የተበላሸ፣ የተበላሸውም ጤናማ መስሎ ሊታይ ይችላል። ስለሆነም ከመለካት በፊት የመጀመሪያው የንባብ ተግባር ራጁ ለመለካት ብቁ መሆኑን ማረጋገጥ ነው።

ጉዳቱ ትኩስ ሲሆን ታካሚዋ በጀርባዋ ተኝታ ጨረሩ ከጎን በአግድም ቢላክ ተጨማሪ ጥቅም አለው። በመገጣጠሚያው ውስጥ ስብ ከደም በላይ ተንሳፎ ቀጥ ያለ መስመር ከሠራ፣ ስንጥቁ ባይታይም እንኳ በመገጣጠሚያው ውስጥ ስብራት መኖሩን ያመለክታል።

የሎሚው ከፍታ

ከፍ ብሎ የተቀመጠ ሎሚ ጉልበት መታጠፍ ሲጀምር ወደ ቦዩ የሚገባው ዘግይቶ ነው። በዚያ ክፍተት አጥንት አይደግፈውም። ኢንሶልና ሳልቫቲ እ.ኤ.አ. በ1971 ያቀረቡት ምጥጥን ከሎሚው በታች ያለውን ጅማት ርዝመት ለሎሚው ርዝመት ያካፍላል፤ ውጤቱ ከ1.2 ሲበልጥ ሎሚው ከፍ ብሏል ይባላል። ይህ መለኪያ በልጆች ላይ ያሳስታል። የሎሚው ታችኛ ክፍል ገና ወደ አጥንት ስላልተለወጠ በራጅ አይታይም፤ ሎሚው አጥሮ፣ ጅማቱም ረዝሞ ይነበባል።

ካቶንና ዴሻምፕ እ.ኤ.አ. በ1982 ያቀረቡት ምጥጥን ለታዳጊዎች ይበልጥ ይስማማል። ከሎሚው የመገጣጠሚያ ገጽ ታችኛ ጫፍ እስከ ቅልጥም አጥንት የላይኛው የፊት ጠርዝ ያለው ርቀት፣ ለዚያው የመገጣጠሚያ ገጽ ርዝመት ይካፈላል። ለምሳሌ ርቀቱ 42 ሚሊ ሜትር፣ የገጹ ርዝመት 28 ሚሊ ሜትር ቢሆን ውጤቱ 1.5 ነው፤ ይህም ከ1.2 በእጅጉ ይበልጣል።

የቦዩ ቅርጽ

ሎሚው የሚንሸራተትበት የጭን አጥንት ቦይ ጥልቀት ካጣ ሎሚውን የሚይዝ ግድግዳ አይኖርም። ፈረንሳዊው አንሪ ደዡርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1994 እንዳሳዩት፣ በትክክል በተነሣ የጎን ራጅ የቦዩ ወለል መስመር የጉብታዎቹን የፊት መስመር ተሻግሮ ከታየ ቦዩ በዚያ ቦታ ጠፍጣፋ ነው። ከቦዩ በላይ ጉጥ መኖሩና የጉብታዎቹ የፊት ጠርዝ ድርብ መስመር ሆኖ መታየቱ የችግሩን ክብደት ያመለክታሉ።

ጉልበቱ ታጥፎ በሎሚውና በጭኑ አጥንት መካከል ጨረር በማሳለፍ የሚነሣው ራጅ የቦዩን ማዕዘን ያሳያል። መርቻንት እ.ኤ.አ. በ1974 በ45 ዲግሪ እጥፋት ባቀረበው ዘዴ የጤናማ ጉልበት አማካይ 138 ዲግሪ ሲሆን፣ ከ145 በላይ የሆነው ጠፍጣፋ ይባላል። ይሁን እንጂ በ45 ዲግሪ እጥፋት ሎሚው አስቀድሞ ወደ ቦዩ ስለሚገባ ቀላል አለመርጋት ሊደበቅ ይችላል። በትንንሽ ልጆች ደግሞ የቦዩ ግድግዳ ከፊሉ ካርቲሌጅ በመሆኑ፣ በራጅ የሚታየው ቦይ ከእውነተኛው የጠፈጠፈ ይመስላል።

ራጅ የማያሳየው

ሎሚውን ወደ ውስጥ ስቦ የሚይዘው ጅማት መበጠሱ በራጅ አይታይም። ከካርቲሌጅ ጋር የተቆረሰ ትንሽ አጥንትም በቀላሉ ይታለፋል። ቅልጥም አጥንት ላይ ጅማቱ የሚያርፍበት ጉብታ ከቦዩ መሃል በስንት ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ እንደራቀ ለመለካት ሲቲ ስካን ወይም ኤም አር አይ ያስፈልጋል። ስለዚህ ጉልበቱ ሲንቀሳቀስ የሚቆለፍ ከሆነ ወይም እብጠቱ አልቀንስ ካለ፣ ንጹሕ የሚመስል ራጅ ሪፈራልን ለማስቀረት በቂ ምክንያት አይሆንም።

ከንባብ ወደ ውሳኔ

ጃኪዝና ፓሪክ እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳተሙት ጥናት ለዳግም ውልቃት አራት አመልካቾችን ለይተዋል፦ የቦዩ ቅርጽ መበላሸት፣ የአጥንት እድገት አለመጠናቀቅ፣ ከ1.45 የበለጠ የካቶንና ዴሻምፕ ምጥጥን፣ እንዲሁም የሌላኛው ጉልበት ሎሚ ቀድሞ ወልቆ ማወቁ። አራቱም በአንድ ልጅ ሲገኙ የዳግም ውልቃት ዕድል 88 በመቶ እንደሚደርስ ተንብየዋል። ከአራቱ ሦስቱ ከራጅ ይነበባሉ፤ አራተኛው በአንድ ጥያቄ ይገኛል።

በምሳሌው የተጠቀሰችው ተማሪ ምጥጥኗ 1.5፣ የአጥንቷ ማደጊያ መስመርም ገና ክፍት ቢሆን፣ ከአራቱ ሁለቱን አሟልታለች ማለት ነው። የቦዩ መስመርም ተሻግሮ ከታየ፣ «ስታድግ ይተዋታል» ብሎ ማሰናበት አይገባም።

ማጠቃለያ

ተራ ራጅ የመጨረሻውን መልስ አይሰጥም፤ ነገር ግን ማን በፊዚዮቴራፒ እየተጠበቀ ሊቆይ እንደሚችል፣ ማንስ ቶሎ ወደ ላቀ ምርመራ መሄድ እንዳለበት ለመለየት ይረዳል። ይህ እንዲሆን የራጅ መጠየቂያው «ጉልበት» ከማለት አልፎ ጥርጣሬውን፣ የእጥፋቱን ዲግሪና ትክክለኛ የጎን አነሣሥን መግለጽ አለበት። በአሰላ በሚገኘው የአርሲ ዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ ሆስፒታልም ሆነ በሌላ ተቋም ለሚቀበላት ሐኪም ራጁ ራሱ፣ የተለካው ምጥጥንና የውልቃቱ ብዛት በሪፈር ወረቀቱ አብረው ቢላኩ፣ ድጋሚ ራጅ ማንሣትም ሆነ ተጨማሪ ጉዞ ሊቀር ይችላል።