ፊትን ከዝንጉርጉር ወረቀት መሥራት

በወረቀት ቁራጭ የሰው ፊት መሥራት የሚጀምር ሁሉ መጀመሪያ የሚጨነቀው የቆዳ መልክ ያለው ወረቀት ፍለጋ ነው። ድካሙ ከንቱ ነው። ፊትን ፊት የሚያደርገው የብርሃንና የጥላው አቀማመጥ እንጂ ቀለሙ አይደለም፤ በጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ የምናውቀውን ሰው ወዲያው መለየታችን ለዚህ በቂ ማስረጃ ነው። ስለዚህ መቀስ ከማንሳትዎ በፊት ወረቀቱን ይለዩ። የስጦታ መጠቅለያ፣ ያለፈ ዓመት ካላንደር፣ ጋዜጣ፣ መጽሔት፣ ያገኙትን ሰብስበው ብሩህ፣ መካከለኛና ጨለማ ብለው በሦስት ይክፈሉት። ዝንጉርጉር ነገር ዓይን ያታልላልና በስልክዎ ጥቁርና ነጭ ፎቶ አንስተው ያረጋግጡ። ደቃቅ ጥለት ከሩቅ ሲያዩት እንደ አንድ ቀለም ስለሚዋሃድ ለጉንጭና ለግንባር ይስማማል፤ ትልልቅ አበባ ያለበት ለልብስና ለፀጉር ይቆይ።

ብርሃን ከአንድ ጎን የወደቀበት ፎቶ ይምረጡ። በጠንካራ ካርቶን ላይ የፊቱን ዙሪያ ብቻ በእርሳስ ይንደፉ፤ ሙሉውን ፊት ከመካከለኛው ክምር በአንድ ቁራጭ ቆርጠው ያኑሩበት፤ በላዩ ጥላውን፣ በመጨረሻም ብርሃኑን ይደርድሩ። ገና ምንም አይለጥፉ። ስሜት የሚመጣው ቁራጮቹን ወዲያና ወዲህ በማንቀሳቀስ ነው፤ የቅንድብ ጫፍ በጥቂት ሚሊሜትር ከፍ ወይም ዝቅ ቢል ቁጣው ሐዘን ይሆናል። ለዐይን ሽፋንና ለከንፈር ጠርዙ ጥርት እንዲል በመቀስ ይቁረጡ፤ ለጉንጭ ጥላ ግን በእጅ ቢቀዱት ይሻላል፤ የተቀደደ ጠርዝ ይለሰልሳል።

«እንዲህ ከተቆራረጠ መልኩ ይጠፋል» የሚል ይኖራል። የአገራችን ቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎች ቅዱሳንን በሁለት ትልልቅ ዓይኖች ፊት ለፊት፣ ክፉዎችን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ዓይን በጎን የሳሉት መጠን መለካት አቅቷቸው አይደለም፤ ዓይን ከመጠኑ ሲያልፍ እንደሚናገር ስለሚያውቁ ነው። አሜሪካዊው ሠዓሊ ሮማሬ ቢርደንም በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በሠራቸው ኮላጆች ከተለያዩ ፎቶዎች የተቆረጡ፣ መጠናቸው የማይመጣጠን ዓይንና እጆችን አንድ ላይ አገናኝቷል፤ ሰዎቹም ክብራቸውን አላጡም። ይሁንና ተቃውሞው ጨርሶ ከንቱ አይደለም፤ ሁሉን ካጋነኑ ቀልድ ይሆናል። አንዱን ብቻ ያጋኑ፤ በዓይኖቹ መካከል ያለውን ርቀትና ከአፍንጫ እስከ አፍ ያለውን ግን እንደ ፎቶው ይተዉ። «ጥለቱ ፊቱን ይውጠዋል» ለሚሉም መልሱ መስመሩን እንደ ጉንጩ አቅጣጫ ማዞር ነው፤ ያኔ ጥለቱ ራሱ የፊቱን ቅርጽ ያሳያል።

ሲስማማዎት ድርድሩን ፎቶ ያንሱና ከታችኛው ቁራጭ ጀምረው በስሱ በተቀባ ነጭ ኮላ ይለጥፉ፤ አየር እንዳይቀር ከመሃል ወደ ዳር በጨርቅ ይጫኑ። ላዩን በፕላስቲክ ሸፍነው ከከባድ መጻሕፍት ሥር ያሳድሩት፤ ካርቶኑ ከተጣመመ ጀርባው ላይም ወረቀት ይለጥፉ። የጋዜጣ ወረቀት ፀሐይ ሲነካው ቶሎ ቢጫ ስለሚሆን ሥራዎን መስኮት ፊት ለፊት አይስቀሉት።